በአያታችን ባርኔጣ ውስጥ

ኬንተኪ፣ ከአያታችን ቤት
እሑድ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1856

ውድ እትዬ ሉሲንዳ፣

ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ ሽማግሌው ፔይተን ነው። መጀመሪያ አስገቢው። እሳት ዳር አስቀምጪው፣ ጉልበቱን ብርድ ይዞታል። ግን በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ አጎቴ በርዌል ከእሱ ጋር የላከውን ሌላውን ወረቀት ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈርሚ። ባልሽ ኢኖስም እንዳይፈርም። ፔይተንን በራፋችሁ ላይ ስታዩት ደስ ብሏችሁ ወዲያው እንደምትፈርሙ ስለማውቅ ነው ከሰላምታው በፊት ይህን ያስቀደምኩት።

አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። እንደምን ከርመሻል? ኢኖስስ? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አወጣች? ስሟን እንኳን አላውቅም። ዶርካስ ግን ከጀልባው ሰው ሰምታ፣ "እናቷን መስላለች አሉ፣ ግንባሯ ሰፊ ነው" ብላኛለች። ያን ቀን ሙሉ ግንባርሽን ሳስብ ዋልኩ።

እናታችን ደህና ናት። ስምሽን አታነሳም። ግን የጀልባው ደወል ከወንዙ ሲሰማ የያዘችውን ስፌት ታቆማለች፤ ማን እንደተሻገረ እስኪታወቅ ድረስ መርፌዋ አይንቀሳቀስም። እኔ የማላያት ይመስላታል።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም፤ ይህን ለመጻፍ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም አንቺ የምታውቂው አይደለም። በባርነት ነገር ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ መሐሉ ላይ የሳንቃ ግድግዳ አቁመዋል፤ አንዱ ወገን በፊት በር፣ ሌላው በጓሮ በር ይገባል። ከግድግዳው ወዲያ መዝሙር ሲጀመር ወዲህ ያሉት ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እነዚያም ይብሳሉ፤ በመጨረሻ ጩኸት ብቻ ይሆናል። እኔ ድምፅ ሳላወጣ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ታውቂኛለሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምታውቂውንም ብጽፍ ታገሺኝ፣ አለዚያ መሐል ላይ ይጠፋብኛል።

አያታችን ሲሞት ያለውን ሁሉ ለሦስት አካፍሉት ብሎ ነው የተናዘዘው፤ ለአጎቴ በርዌል፣ ለእናታችን፣ ለአንቺ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ጋዜጣ ታነቢለት ስለነበር አልረሳሽም። አንቺ ደግሞ ከኦሃዮ ለፍርድ ቤቱ፣ "የሚደርሰኝን ሰው ሁሉ ወንዙን አሻግሬ ነጻ አወጣዋለሁ" ብለሽ ጻፍሽ። ያ ቃልሽ በተነበበ ማግስት ወጥ ቤት ውስጥ ማንም ስለሱ አላወራም። ግን ዶርካስ ዱቄት ስትነፋ ስታንጎራጉር ሰማኋት። አያታችን የተወልን ባሮች አምስቱም በየልባቸው ለሉሲንዳ በደረስኩ ይሉ ነበር።

አጎቴ ግን ነደደ። ኢኖስ "የሰው ሌባ" ብሎ የጻፈለትን ደብዳቤ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያነብባል። ኢኖስ የጻፈው ውሸት ነው አልልም። ግን አጎቴ ያን ደብዳቤ ባነበበ ቁጥር ልቡ ሲደነድን አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ካንሳስ ነው። አዲሱ አገር ባሪያ የሚያዝበት ይሁን አይሁን የሚወስነው ቀድሞ የሰፈረበት ሰው ነው ይላል። ስለዚህ ድርሻውን በጋሪ ጭኖ ወደዚያ ሊሄድ ነው።

ባለ ሱቁ ሚስተር ሃርደስቲ እኛ ቤት ምሳ ሲበላ፣ "በርዌል፣ እዚያ እኮ ሰዉ እየተታኮሰ ነው" አለው።

"ይታኮሳ! የእህቴ ልጅ ባል ጠመንጃ በሳጥን ይልክላቸው የለ? ሳጥኑ ላይ 'መጽሐፍ ቅዱስ' ብሎ ይጽፍበታል።"

"አይተሃል?"

"ማየት አያስፈልገኝም። እሱ ጠመንጃ ይልካል፣ እኔ ሰው እወስዳለሁ። እዚያ እንገናኛለን።"

"አንድ አገር አይደለን እንዴ?"

"ነበርን" አለና የበቆሎ ዳቦውን ቆረሰ።

እናታችን ሳህኗን እያየች፣ "ሥጋው ይቀዘቅዛል፣ ብሉ እንጂ" አለች። ሥጋውን የምታቀርበው ዶርካስ ነበረች። ሁሉንም ሰማች። እኛ ቤት እነሱ የሚሰሙ አይመስለንም።

ፍርድ ቤቱ ሦስት ጎረቤቶችን መደበ፤ አንዱ ሚስተር ሃርደስቲ ነው። መጥተው ድርሻውን እኩል ይሆናል ባሉት መንገድ ከፈሉት። አንደኛው ዕጣ ዶርካስና ልጇ ዊኒ። ሁለተኛው ወንድማማቾቹ ላይጅና ሃርቭ። ሦስተኛው የዶርካስ አባት ፔይተን፤ እሱ አርጅቷል ብለው በቅሎዎቹንና የወንዝ ዳሩን ማሳ ጨመሩበት። ይህን ሲነጋገሩ ፔይተን እንጨት ታቅፎ ምድጃው ጋ ቆሞ ነበር። ኋላ፣ "በቅሎዎቹ አዝነውብኛል" አለኝ። "ከአንተ ጋር ተደምረን ነው እንዴ አንድ ሰው የምናህለው ይላሉ።" ሳቅሁ። እሱም እንድስቅ ብሎ ነው የተናገረው።

አክስት ዶርካስ እያልን ነው ያደግነው። አክስታችንን ወረቀት ላይ ጽፈን ባርኔጣ ውስጥ ከተትናት።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ባለው ቀን አጎቴ ትምባሆ ማድረቂያው ውስጥ ጠራኝ። ትምባሆው እስከ ጣራው ድረስ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ቅጠሉ እንዳለ ደርቋል፤ ሲነኩት ይፈረከሳል፤ አየሩ ካልረጠበ ማውረድም ቅጠሉን ከግንዱ መግፈፍም አይቻልም። አጎቴም ካንሳስ ያልሄደው ለዚህ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ለመግፈፉ ያስፈልገዋል፤ ዝናብ ጥሎ ተገፎ ሲያልቅ ግን ጋሪው ይነሳል።

"ሚሊ፣ ነገ ዕጣውን የምታወጪው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ልማድ ነው። የልጅ እጅ አያዳላም።"

"ሌላ ሰው ያውጣው፣ አጎቴ።"

"ምን ያስፈራሻል? ተናገሪ አልተባልሽ። እጅሽን መስደድ ብቻ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንደኛው ወረቀት ሁለት ጊዜ የታጠፈ ነው፣ በጥፍሬ እጫነዋለሁ። እጅሽ ሲነካው ታውቂዋለሽ። እሱን ለመጨረሻ ተይው። ሌሎቹን እንደመጣልሽ።"

"ለምን?"

"መጨረሻ የሚወጣው የሉሲንዳ ነው። ፔይተን ይድረሳት። ኢኖስ ነጻ ያወጣሁት የሚለው ሰው ያገኛል፣ ሽማግሌው ያርፋል፣ ከእኛም አንድ ጉልበት ያለው አይጎድልም። ማን ተበደለ?"

ከመሬት የደረቀ ቅጠል አንስቼ በእጄ አደቀቅሁት።

"ዶርካስ ኦሃዮ ብትሄድስ? ፀጉርሽን ማን ይሠራልሻል? በሰው ፊት አንደበትሽ ሲያያዝ ማን ይናገርልሻል?"

እትዬ፣ ይህን ባይለኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሩን አንስቼ ነበር። አላውቅም። ግን ስለ ዊኒም ልንገርሽ። ያን ሰሞን ዊኒ አፏ አላርፍ ብሎ ነበር። ለአንቺ እንደምትደርስ እርግጠኛ ነበረች። ልብስ ስናሰጣ፣ "ኦሃዮ ልትጠይቂኝ ስትመጪ በሩን አንኳኪ፣ እሺ?" አለችኝ።

"የምን ማንኳኳት?"

"ቤቴ ነዋ! ማን ነው እላለሁ። ሚሊ ነኝ ትያለሽ። ትንሽ አስቁሜሽ እከፍትልሻለሁ።"

"ባትከፍቺልኝስ?"

"አይ፣ እከፍትልሻለሁ። ጫማሽን ግን ትጠርጊያለሽ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ግን እኔን ሳቄ ውስጥ የሆነ ነገር ወጋኝ። ከዊኒ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተወለድነው፤ በእሷ በር ላይ ቆሜ መጠበቅን አስቤው አላውቅም። አልወደድኩትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ጎረቤቶች መጡ። እናታችን ባርኔጣውን እንድታመጣ ዶርካስን አዘዘቻት። የአያታችን ጥቁሩ ባርኔጣ ነው፣ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትቦርሸው። ያን ቀንም እንደ ልማዷ በእጅጌዋ አቧራውን ጠርጋ አመጣችው። ከዚያ በሩ ጋ ቆመች። ሂጂ ያላት ሰው የለም።

አጎቴ ወረቀቶቹን ባርኔጣው ውስጥ ጣለና፣ "መጀመሪያ የእኔን" አለ።

እጄን ሰደድኩ። አስቀድሞ ጣቴ ያገኘው ጠንካራውን ነበር። የባቄላ ፍሬ ያህላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ እሱን ባወጣው አጎቴ በሰው ፊት ምንም ሊለኝ አይችልም ነበር። ይህን አሁን አይደለም ያወቅሁት፤ እጄ ባርኔጣው ውስጥ ሳለ አውቄዋለሁ። ዶርካስ ለእናታችን ትደርሳለች፣ ቤት ትቀራለች፣ እንደ ድሮው እንኖራለን አልኩ በልቤ። ጠንካራውን ገፋ አደረግሁና ሌላ ያዝኩ።

ሚስተር ሃርደስቲ ዘርግቶ አነበበው። "ዶርካስና ልጇ ዊኒ። ለበርዌል።"

ለእናታችን ወንድማማቾቹ ደረሱ። ለአንቺ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ያለው ሆነ" አለ አጎቴ። "ዶርካስ፣ ባርኔጣውን መልሺው።"

ወስዳ ሰቀለችው።

ተከትያት ወጥ ቤት ገባሁ። ሊጥ ታሽ ነበር። ገበታው ላይ ክርኔን አስደግፌ ቆምኩ።

"ክርንሽን ከሊጡ አንሺ" አለችኝ።

"አክስት ዶርካስ…"

"ሕፃን ሆነሽ ከጓዳው ማሰሮ ደረቅ ፖም ስትሰርቂ ትዝ ይልሻል? ሳታዪ በዳሰሳ ትልልቁን መርጠሽ ታወጪ ነበር። እኔም እያየሁ እስቅ ነበር።" ሊጡን ገለበጠችው። "ጣትሽ አልረሳም፣ እመቤቴ።"

እመቤቴ ብላኝ አታውቅም። ልጄ ነበር የምትለኝ።

ስወጣ ዊኒ ጉድጓዱ ጋ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ዕጣው ሲወጣ በመስኮት ስታይ ነበር። "እንግዲህ ማንኳኳቱም ቀረልሽ" አለችኝና ባልዲውን አንስታ ሄደች።

ማታ እናታችንን፣ "ወረቀቱ መታጠፉን ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አጎትሽ ያዘዘሽን አደረግሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንቺ ሐሳብ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"ተኚ፣ ሚሊ።"

አሁን የሚጠቅምሽን ልጻፍ። ሚስተር ሃርደስቲ ዕለቱን ሲሰነባበቱ ለአጎቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ፤ ክፍፍሉን ዳኛው የሚያጸድቀው ዲሴምበር ስምንት ቀን ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ከወራሾቹ አንዱ ምስክር ይዞ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቅሬታ ካቀረበ ጋሪው አይንቀሳቀስም፣ ዕጣውም እንደገና ሊወጣ ይችላል። ወራሹ ግን የደረሰውን ፈርሞ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ። አጎቴ ሳቀና፣ "ማን ነው ቅሬታ የሚያቀርበው?" አለ። ለዚህ ነው ፔይተንን ቶሎ የላከልሽ። ለዚህ ነው አትፈርሚ ያልኩሽ። ዶርካስና ዊኒ ሁሉንም አይተዋል፣ ግን እነሱ በነጭ ላይ ቢመሰክሩ ሕጉ አይሰማቸውም። ያለሁት እኔ ነኝ።

አርብ ዕለት ለሚስተር ሃርደስቲ ልነግረው ብዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነበር። ሦስት ሰዎች ምድጃውን ከበው ስለ ካንሳስ ይከራከራሉ። አንዱ በአገሪቱ ምክር ቤት ውስጥ የሰሜኑን ሰው በዱላ የደበደበውን የደቡቡን ሰው ያወድሳል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይመታል። ሚስተር ሃርደስቲ፣ "ምን ልስጥሽ፣ ልጄ?" አለኝ።

"ክር" አልኩ።

"ምን ዓይነት?"

"የትኛውም ይሁን።"

ሰዎቹ ሳቁ። ክሬን ይዤ ተመለስኩ። ቢጫ ነው። እኛ ቤት ቢጫ ልብስ ያለው ሰው የለም።

ትናንት ደግሞ ፔይተንን በረት ውስጥ አገኘሁት። "ነገ ተነገ ወዲያ ነጻ ሰው ነህ፣ ደስ አይልህም?" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት ደስ ይለኛል እንዲለኝ ፈልጌ ይሆናል።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነው" አለኝ። "አሁን ልጄ ወደዚያ ስትነዳ እኔ ወደዚህ ተሻግሬ፣ ነጻ ነኝ ብዬ የምነግረው ለማን ነው?"

ያን ጊዜ የወረቀቱን ነገር ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው በአፌ የተናገርኩት ለእሱ ነው። አልተቆጣም። የበቅሎዋን ጆሮ እያሻሸ ቆየና፣ "ዶርካስ ነግራኛለች" አለ። ከዚያ፣ "ለሚስ ሉሲንዳ ጻፊላት። ዕጣው እንደገና ይውጣ። እኔንም ባርኔጣው ውስጥ ይመልሱኝ።"

"ለአጎቴ ብትደርስስ? ካንሳስ ቢወስድህስ?"

"ጉልበቴ እንደሆነ የትም ያመኛል" አለኝ።

እትዬ፣ ኢኖስ ፔይተንን ጉባኤ ፊት እንዳያቆመው እለምንሻለሁ። ሰዉ ያጨበጭብለታል፣ ፔይተንም ጨዋ ስለሆነ ፈገግ ይልላቸዋል። እኔ ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ስለ በቅሎዎቹ ሲያጫውተኝ አይቼዋለሁ።

ነይ። ኢኖስን ትተሽ አንቺ ነይ፣ እሱ ከመጣ አጎቴ ሽጉጡን ይመዛል። ቀጥታ ወደ ጸሐፊው ሂጂና ከዚያ ላኪብኝ። እመጣለሁ። የምናገረውን ትምባሆ ማድረቂያው ውስጥ እየተለማመድኩ ነው፤ "አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ለመጨረሻ ተይው አለኝ፣ እኔም ተውኩት።" የመጀመሪያው ግማሽ ይወጣልኛል። "እኔም" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ዳኛው ፊት ከጠፋብኝ ባርኔጣውን አስመጪልኝ፤ በእጄ አሳያቸዋለሁ።

ወረቀቱን ያን ቀን ከወለል አንስቼ ደብቄው ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። እንደነበረው አጥፌዋለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳብሺው። ለእኔ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ታውቂዋለሽ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ይቅርታው የአንቺ አይደለም። ዶርካስንም አልጠየቅኋትም፣ ጋሪው በር ላይ ቆሞ እያለ መጠየቅ አሳፈረኝ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጅሽን ከክፉ ያድንልሽ፤ አንደበቷንም ያላላላት፣ እንደኔ አያድርጋት። የፊታችን ዓመት በሁለቱም የወንዙ ዳር ሰው ሳይሞት ያሳልፈን። ስምሽን በማይጠራው ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምትጠራሽ፣

እህትሽ ፐርሚሊያ

ካጠፍኩት በኋላ እንደገና ከፈትኩት። ዶርካስ ገብታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለአንቺ አልኳት። "አባቴ ጥርስ የለውም በያት፣ የበቆሎ ዳቦውን ወተት ውስጥ ታርስለት" አለች። ሌላም የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። በሩን ከፍታ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች፣ መልሳም መዳፏን አሳየችኝ። ርሷል።

"ጀመረ፣ እመቤቴ" አለችኝ።